ዓሣው ቀድሞ ይደርሳል

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አለፍ ብሏል። ቦሌ፣ የመሳፈሪያ በሮቹ አካባቢ፣ ወደ ዳሬሰላም የሚወስደኝ በረራ እስኪጠራ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው አሉ፤ ጥልፍ ያለበት ነጭ ቆብ ደፍተው፣ በሁለት እግራቸው መሀል የወረቀት ከረጢት አቁመዋል። ከከረጢቱ አፍ የሻይ ቅጠል ካርቶን ብቅ ብሎ ይታያል። ከየት ወዴት እንደሆኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኳቸው። የእሳቸውም ከእኔው ብዙ ስለማይሻል ወዲያው ተግባባን።

"ከማሄ ወደ ሞሮኒ" አሉኝ።

ማሄ የሴይሼልስ ትልቋ ደሴት ናት፤ ሞሮኒ የኮሞሮስ ዋና ከተማ። ሁለቱም ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ናቸው። የተቀመጥንበት ቦሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ያውም የባሕር በር የሌላት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የደሴት ሰው ጎረቤት ደሴት ደርሶ ወደ ቤቱ ለመመለስ ደጋ ወጥቷል።

ፊቴ ላይ ግር ማለቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ሲጽፉለት ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን የሚያሰላ ነገር አለ። "ማሄ – ሞሮኒ፦ 1,550 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል" ይላል። እሳቸው ከማሄ የተነሡት ትናንት ነው። ሌሊቱን እዚሁ ቦሌ አካባቢ ሆቴል አድረዋል። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም የሚፈጅ በረራ ይጠብቃቸዋል።

"ቪክቶሪያ ስለ ቱና ስብሰባ ነበረን" አሉኝ፤ ቪክቶሪያ የሴይሼልስ ዋና ከተማ ናት፣ እሳቸው ደግሞ የዓሣ ሀብት ሠራተኛ ናቸው። "የተሰበሰብንለት ዓሣ ግን ከእኔ ቀድሞ ሞሮኒ ይደርሳል።"

ሳቅሁ። በኋላ ግን የመሳፈሪያ ወረቀቴን ጀርባ ገልብጬ ሒሳብ ጀመርኩ። ከማሄ አዲስ አበባ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ሞሮኒ ደግሞ 2,330። ድምሩ 4,730። ስልኩ ከሚለው ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ውቅያኖሱን በሰያፍ ማቋረጥ የነበረበት ሰው እስከ ሸዋ ድረስ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ መልሶ ወደ ደቡብ ሊወርድ ነው።

ስልኩ አልዋሸም። እንዲህ ያለው ማስያ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ፣ በድቡልቡሏ ምድር ገጽ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ክር ወጥሮ ይለካል። የክሩን ርዝመት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ያካፍልና፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምርበታል። በቃ። ነፋስ የለ፣ ደመና የለ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ የለ። ከሁሉም በላይ "ለመሆኑ በዚህ ክር ላይ የሚበር አውሮፕላን አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰውዬው በዚያ ሳምንት ቀጥታ በረራ ፈልገው አላገኙም። መልሱ የመጣላቸው በክሩ ላይ ሳይሆን በአዲስ አበባ በኩል ነው።

ማሄ አውሮፕላን ማረፊያዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ፖይንት ላ ሩ ከሚባለው ዳርቻ፣ ባሕሩን ደልድለው ነው የሠሩት። ከዚያ በፊት ደሴቲቱን የሚፈልግ መንገደኛ እንደ ሞምባሳ ካለ ወደብ መርከብ መሳፈርና ውኃው ላይ ቀናት ማሳለፍ ነበረበት። የሞሮኒው ማረፊያ ሐሐያ የሚባል ቦታ ላይ፣ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው፤ በልዑል ሰዒድ ኢብራሂም ስም ይጠራል። ሁለቱም ጄት የሚቀበል ማኮብኮቢያ አላቸው፤ ጄት የሚያስወጣ ሰማይም አላቸው። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ሰው ነው ይላሉ የአየር መንገድ ሰዎች። የሴይሼልስ ሕዝብ ከመቶ ሺህ ብዙም አይዘልም። ኮሞሮስ ከዚያ ብትበልጥም አንድ ሚሊዮን አትሞላም፤ ከሕዝቧ አብዛኛው ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛ አይደለም። አንድ መካከለኛ ጄት በሳምንት ሁለት ቀን የሚሞላ መንገደኛ ካልተገኘ ነዳጁ ራሱን አይችልም። ማሄ የሚሄደው አውሮፕላን የሚጭነው ሽርሽር የሚሄድ አውሮፓዊና የባሕረ ሰላጤ ሰው ነው፤ ሞሮኒ የሚሄደው ደግሞ ፈረንሳይ የሚኖር ኮሞሮሳዊና ነጋዴ። ሁለቱ ደሴቶች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው፣ እያንዳንዳቸው ገንዘቡ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያያሉ።

በዚህ መሀል ነው እንደ አዲስ አበባ ያለ መገናኛ ትርጉም የሚያገኘው። ሒሳቡን በአርባ ከተሞች ልሞክረው። አርባዎቹን ሁሉ አንዱን ከሌላው በቀጥታ ለማገናኘት 780 መስመር ያስፈልጋል። ሁሉም ወደ አንድ ማዕከል ይምጡና እዚያ አውሮፕላን ይለውጡ ከተባለ ግን አርባ መስመር ይበቃል። በማሄና በሞሮኒ መካከል አውሮፕላን የማይሞሉት ጥቂት መንገደኞች፣ ቦሌ ሲደርሱ ከጓንዡና ከዱባይ፣ ከፓሪስና ከናይሮቢ ከመጡት ጋር ተደምረው ይሞሉታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትልቅ የሆነው በዚህ ሒሳብ ነው። ሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. በአስመራ በኩል ካይሮ ብሎ የጀመረው በረራ፣ ዛሬ ሁለት ደሴቶች እርስ በርስ የሚገናኙበት ድልድይ ሆኗል። እኔም እንደ ዜጋ ደስ ይለኛል። ግን እንደ ታዛቢ አንድ ነገር ልናገር፦ የዚህ ድልድይ ቀረጥ ሁልጊዜ በብር አይከፈልም። የሚከፈለው በሌሊት ነው፤ ከቤት ውጪ በታደረ ሌሊት፣ ባልተበላ የቤተሰብ እራት፣ ከሥራ በተቀነሰ አንድ ቀን። ይህን የሚያስላ ስልክ አላየሁም።

"አዲስ አበባን አራት ጊዜ አይቻታለሁ" አሉኝ ሰውዬው። "ሁልጊዜ በሌሊት።" ምን አዩ ብላቸው፣ መብራት፣ ያላለቀ ፎቅ፣ ብርድ፣ እና ውሻ ሲጮኽ መስማት አሉኝ። ከእኛ አገር የሚያውቁት ይኸው ነው። ሆቴሉ ውስጥ ቡና ጠጥተው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ሻይ ነው የምጠጣው" ብለው ከረጢቱን ነካ አደረጉት። ከማሄ ተራራ የተለቀመ ሻይ ነው፤ ለባለቤታቸው ነው የሚወስዱት።

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ ግን ያነሡልኝ ቃል ሌላ ነበር፦ "ጋላዋ።"

ይህን ስም የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ እየቀነሰ ነው፤ በኮሞሮስ ግን ከኢትዮጵያ ስም ጋር ተያይዞ የቀረ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ወጣቶች ተጠለፈ። መዳረሻው በናይሮቢ፣ በብራዛቪልና በሌጎስ በኩል አቢጃን ነበር። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ የተሞላ እንጂ ውቅያኖስ የሚያሻግር እንዳልሆነ ነገራቸው። አላመኑም። አውሮፕላኑ ውስጥ ለመንገደኛ የሚታደለው መጽሔት፣ ይህ ዓይነት አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰዓት መብረር እንደሚችል ጽፎ ነበርና ያንን ይዘው ተከራከሩ።

መጽሔቱም አልዋሸም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የአውሮፕላኑ አቅም ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን ሌላ ነገር ነበር። ካፒቴኑ እያታለለ የአፍሪካን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ በረረ፤ በኋላም ወደ ኮሞሮስ አዞረ። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪው ክፍል ውስጥ ትግል እየተደረገ ማረፊያው ጋ መድረስ አልተቻለም፤ አውሮፕላኑ በታላቋ ኮሞሮ ሰሜን ጫፍ፣ ጋላዋ ከሚባለው የባሕር ዳር ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ውኃው ላይ ተከሰከሰ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ኮረም ላይ የኛን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው። ሃምሳ ሰው ተርፏል፤ በጀልባና በዋና ገብተው ያወጧቸው ሆቴሉ ውስጥ የነበሩ እንግዶችና የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

እኔ ያን ጊዜ ዜናውን በራዲዮ ሰምቼ ኮሞሮስ የት እንደሆነች በካርታ የፈለግኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ አኃዝ ባየሁ ቁጥር "ይህ የአቅም ቁጥር ነው ወይስ የታንከር ቁጥር?" ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። የሰውዬው ስልክ ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩልም የአቅም ቁጥር ነው። አውሮፕላን የሚባለው ፍጥረት በዚህ ጊዜ ሊያደርሰው ይችላል ማለት እንጂ፣ ይህን ሰው ያደርሰዋል ማለት አይደለም። የአገር መሪዎች "አህጉራችንን አቀራርበናል" ሲሉ የሚናገሩት በአብዛኛው በአቅም ቁጥር ነው፤ ሕዝቡ የሚሄደው ግን ታንከር ውስጥ ባለው ነው።

ውሉና ስምምነቱ አልጎደለም። ሴይሼልስና ሞሪሸስ ማዳጋስካርን ይዘው የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን የሚባል ማኅበር ካቋቋሙ ቆይተዋል፤ ማኅበሩን ያጸናው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1984 የተፈረመው እዚያው ቪክቶሪያ ነው፤ ኮሞሮስ በ1986 ገብታበታለች። የአፍሪካ አገሮችም በ1999 ያሙሱክሮ ላይ ሰማያቸውን አንዱ ለሌላው እንዲከፍት ተስማምተው ነበር። ያ ሳይሠራ ሲቀር፣ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ፣ በጃንዋሪ 2018 እንደገና በሃያ ሦስት አገሮች "አንድ የአፍሪካ አየር ትራንስፖርት ገበያ" ተብሎ ታወጀ።

የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሥር ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት ሰማይ የባለአገሩ ነው። የእኛ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ማሄ ቢሄድ፣ ከማሄ ደግሞ መንገደኛ ጭኖ ወደ ሞሮኒ ቢቀጥል፣ የሦስቱም አገሮች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሙያው ቋንቋ "አምስተኛው የአየር ነፃነት" ይሉታል። ይህን መፍቀድ ለብዙ መንግሥታት የገዛ አየር መንገዳቸውን ገበያ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው የሚታያቸው፤ ያ አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላን ይኑረው፣ አንድም አይኑረው። ባዶ ሰማይ ዘግቶ መጠበቅ፣ በሬ የሌለው ገበሬ የበሬውን በረት እንደሚቆልፈው ነው። ይህን ስል ግን ከደሙ ንጹሕ ነን ማለቴ አይደለም። ማሄና ሞሮኒ በቀጥታ ቢገናኙ ቦሌ አንድ መንገደኛ ታጣለች። ዞሮ የሚሄድ ሰው ለእኛ እንጀራ ነው። ስለ ክፍት ሰማይ በአዳራሽ ስንናገር ይህን ጥቅማችንን አብረን ብንናገር ክብራችን አይቀንስም።

ርቀት አጭር ሲሆንም ታሪኩ አይለወጥም። ከኮሞሮስ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው አንጁዋን እስከ ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ነው። ኮሞሮስ በ1975 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ማዮት ከፈረንሳይ ጋር ቀረች፤ በ1995 ደግሞ ለኮሞሮሳውያን ቪዛ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ዘመዱን ለማየት፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ፣ ሥራ ለመፈለግ ያሰበ ሰው "ክዋሳ ክዋሳ" በሚሏት ትንሽ ጀልባ ሌሊት ይነሣል፤ ሳይደርስ የቀረው ብዙ ነው። ለሚሰደዱት የእኛ ልጆች የጅቡቲዋ የኦቦክና የየመን ዳርቻ እንዲህ ነው፤ ማዶው ቅርብ ነው፣ መሻገሪያው ግን ስንቱን በላ።

በአንድ አገር ውስጥም ያው ነው፤ ፓስፊክ ላይ ኪሪባስ የምትባል አገር አለች። ዋና ከተማዋ ታራዋ ከምሥራቅ ደሴቷ ከኪሪቲማቲ 3,280 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንድ አገር ነው፣ አንድ ባንዲራ። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ከአንዱ ወደ ሌላው በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ወደ ፊጂ፣ ወደ ናንዲ ወርዶ ነበር የሚመለሰው፤ ወደ 5,700 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ የቀን መለወጫው መስመር መሀሏን ያቋርጥ ስለነበር፣ በምዕራቡ ዳር ሰኞ ሲሆን በምሥራቁ ገና እሁድ ነበር። ለአንድ የመንግሥት ደብዳቤ በሳምንት አራት የጋራ የሥራ ቀን ብቻ! መስመሩን አዙረው ቀኑን አንድ አደረጉት። በረራውን ከማቅናት ቀኑን ማቅናት ቀለላቸው።

ሩቅ ምን ወሰደኝ። አሶሳና ጋምቤላ ክር ወጥረው ቢለኩት 210 ኪሎ ሜትር ናቸው። ከአሶሳ ጋምቤላ በአየር የሚሄድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መጥቶ ነው የሚመለሰው፤ 950 ኪሎ ሜትር። ማሄና ሞሮኒ ሦስት እጥፍ ቢሆንባቸው፣ እዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በመኪና ይሂድ የሚል አለ፤ ከማለቱ በፊት ግን መንገዱን በክረምት ይሂድበት። የአየር ካርታችንን ያየ ሰው፣ መስመሩ ሁሉ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከአንድ ጫፍ ሲበተን ያያል። ጎረቤታሞቹ ከተሞች መሀል ያለው ጨርቅ ነው፣ ዘንግ የለበትም።

ይህን እያሰብኩ ሰውዬው ጠየቁኝ፦ "እርስዎስ ቤትዎ ከዚህ ይርቃል?"

"ዘጠኝ ኪሎ ሜትር" አልኳቸው።

"ስንት ደቂቃ ፈጀብዎ?"

ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት ስለወጣሁ ሃያ ደቂቃ። ትናንት በዚያው መንገድ ከሥራ ስመለስ አንድ ሰዓት ከሃያ። ይህን ስነግራቸው ስልካቸውን መልሰው አወጡና ሊያሰሉልኝ ፈለጉ። ለዘጠኝ ኪሎ ሜትር አውሮፕላን እንደማይነሣ ስናስታውስ ሁለታችንም ሳቅን።

የሞሮኒው በረራ ተጠራ። ሰዉ መሰለፍ ጀመረ፤ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ በገመድ የታሰረ ካርቶን የተሸከሙ ነጋዴዎች፣ በፈረንሳይኛ ስልክ የሚያወራ ወጣት። ሰውዬው ከረጢታቸውን አነሡ፤ አንዱን የሻይ ካርቶን መዝዘው እጄ ላይ አኖሩት። የባለቤትዎ ነው ብዬ ብከላከልም አልሰሙኝም። ጥቂት እርምጃ ሄደው ቆም አሉና የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። የእጅ ሰዓታቸው እስካሁን በማሄ ነበር የሚቆጥረው። ማሄ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሞሮኒና አዲስ አበባ ግን እኩል ናቸው። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት፤ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው መሥራቱን አዳመጡና ሰልፉ ውስጥ ገቡ።